አሌክሳንድር ፑሽኪን እና ባሌት

አሌክሳንድር ሰርጌዬቪች ፑሽኪን (ሰኔ 1 ቀን 1791 ዓ.ም. – የካቲት 4 ቀን 1829 ዓ.ም.) የሩሲያ ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔትና የልቦለድ ደራሲ ነበር። የዘመናዊው የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ አባት ተብሎ ይጠራል። በእናቱ በኩል የአፍሪካዊው የአብራም ጋኒባል የልጅ ልጅ ልጅ ስለሆነ በኢትዮጵያም ስሙ በሰፊው ይታወቃል።

ይህ መጣጥፍ የፑሽኪንን ሕይወት ለባሌት ከነበረው ፍቅር አንጻር ያቀርባል። ባሌት በሙዚቃ ታጅቦ፣ ያለ ንግግር፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ታሪክ የሚነገርበት የመድረክ ዳንስ ነው። ፑሽኪን የባሌት ባለሙያ አልነበረም፤ ትኬት ገዝቶ የሚገባ ተመልካች ነበር። ቲያትር ቤት የተመላለሰባቸው የወጣትነት ዓመታት ሦስት ያህል ብቻ ቢሆኑም፣ በግዞት ሳለ ከትዝታው የጻፋቸው ጥቂት ስንኞች በጊዜው የነበረውን የሩሲያ ባሌት እስከ ዛሬ እንዲታወስ አድርገዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ቀኖች ሩሲያ በዚያን ጊዜ ትጠቀምበት የነበረውን የዩልዮስ አቆጣጠር የተከተሉ ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ፑሽኪን በሞስኮ ከተማ ግንቦት 26 ቀን 1799 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ ሰርጌይ ልቮቪች ከጥንታዊ የመኳንንት ቤተሰብ የተወለደ፣ ግጥምና ቲያትር የሚወድ ሰው ነበር። እናቱ ናዴዥዳ ኦሲፖቭና ጋኒባል የአብራም ጋኒባል የልጅ ልጅ ናት።

አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ወደ ቁስጥንጥንያ መጣ፤ ከዚያም በ1704 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሩሲያ ተላከ። ዛር ታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና አባት ሆኖት በቤተ መንግሥት አሳደገው፤ በኋላም የምሕንድስናና የጦር ትምህርት እንዲማር ወደ ፈረንሳይ ላከው። ጋኒባል በዛሪና ኤልሳቤጥ ዘመን ከፍተኛ የጦር ማዕረግ ደርሶ በ1781 እ.ኤ.አ. አረፈ። ፑሽኪን በዚህ ቅድመ አያቱ ይኮራ ነበር። ስለ እርሱም «የታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ሰው» የተባለ ልቦለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል።

በዚያን ጊዜ በሩሲያ መኳንንት ቤት ዳንስ ከቋንቋና ከፈረስ ግልቢያ እኩል የሚታይ ትምህርት ነበር። ዳንስ የማያውቅ ወጣት በሰው ፊት መቅረብ እንደማይችል ይቆጠር ነበር። በሞስኮ ዮጌል የተባለ የዳንስ መምህር ለመኳንንት ልጆች የሚያዘጋጀው ድግስ የታወቀ ነበር፤ ትንሹ ፑሽኪንም ወደዚያ ይወሰድ ነበር።

በሊሲየም

በጥቅምት 1811 እ.ኤ.አ. ከሴንት ፒተርስቡርግ ወጣ ብላ በምትገኘው በዛርስኮዬ ሴሎ የንጉሠ ነገሥቱ ሊሲየም ሲከፈት፣ ፑሽኪን ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ባለሥልጣናትን ለማፍራት የተቋቋመ ነበር። ተማሪዎቹ ከሕግ፣ ከታሪክና ከቋንቋ በተጨማሪ ዳንስ፣ የሰይፍ ግጥሚያና ፈረስ ግልቢያ ይማሩ ነበር። ስድስቱን ዓመት በአዳሪነት ስላሳለፉ ከግቢው ርቀው የመሄድ ዕድላቸው ጠባብ ነበር። ስለዚህ ፑሽኪን የዋና ከተማውን ትልቅ መድረክ እንደ ልቡ ለማየት የቻለው በ1817 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ሲጨርስ ነው።

ሦስቱ የቲያትር ዓመታት

ፑሽኪን ከሊሲየም እንደወጣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ሹመት ተሰጠው፤ ሥራው ብዙም አያስቸግረውም ነበር። ከወላጆቹ ጋር ኮሎምና በሚባለው ሰፈር በፎንታንካ ወንዝ ዳር ተቀመጠ። የከተማው ዋና የባሌትና የኦፔራ መድረክ ቦልሾይ ካሜኒ ቲያትር፣ ማለትም «ትልቁ የድንጋይ ቲያትር»፣ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ቲያትር ቤቱ በ1783 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1811 በእሳት ተቃጥሏል። እንደገና ተሠርቶ በ1818 መጀመሪያ ሲከፈት ፑሽኪን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ ሰው እንደ ማዕረጉና እንደ ገንዘቡ ይቀመጣል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች የባለሥልጣናትና የመኮንኖች ናቸው፤ ከኋላቸው ብዙዎች ቆመው የሚያዩበት ቦታ አለ። ዙሪያውን ቤተሰቦች የሚከራዩአቸው ሎጆች ይገኛሉ፤ ከላይ ያለው ሰገነት ደግሞ ርካሽ ነው። ውጭ በብርድ ውስጥ ሠረገላ ነጂዎችና አሽከሮች እሳት አንድደው ጌቶቻቸውን ይጠብቃሉ። ፑሽኪን ይህን ሁሉ በኋላ በግጥሙ ውስጥ አስገብቶታል።

በ1819 እ.ኤ.አ. ፑሽኪን «አረንጓዴ መብራት» የተባለ የወጣቶች ማኅበር አባል ሆነ። ማኅበሩ በኒኪታ ፍሴቮሎዥስኪ ቤት ይሰበሰብ ነበር። አባላቱ ስለ ግጥም፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ቲያትር ይከራከሩ ነበር፤ ብዙዎቹም የቲያትር ቤቱ የዘወትር ደንበኞች ነበሩ።

ዲደሎ እና ኢስቶሚና

በዚያ ዘመን የሴንት ፒተርስቡርግን ባሌት የሚመራው ሻርል ሉዊ ዲደሎ ነበር። ዲደሎ ፈረንሳዊ ሲሆን በ1767 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ተወለደ። በ1801 ወደ ሩሲያ መጥቶ በ1811 ከሄደ በኋላ በ1816 ተመልሷል። ዝናውን ያገኘው ዳንሰኞችን በማይታይ ሽቦ አስሮ በመድረክ ላይ በማብረሩ ነው። ይህን ብልሃት የተጠቀመበት «ዜፊርና ፍሎራ» የተባለው ባሌት በመጀመሪያ በ1796 ለንደን ውስጥ ታይቶ በኋላ በሩሲያም ቀርቧል። ዲደሎ በትምህርት ቤቱ ልጆችን በዱላ ሳይቀር የሚያሠለጥን ኃይለኛ መምህር እንደነበረም ይታወሳል።

ዳንሰኞቹ የሚወጡት በ1738 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የመንግሥት የዳንስ ትምህርት ቤት ነበር። አብዛኞቹ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በልጅነታቸው ገብተው በመንግሥት ወጪ ይማሩና ሲያድጉ በቲያትር ቤቱ ይቀጠራሉ። በመድረክ ላይ አማልክትና ልዕልት ሆነው ቢታዩም፣ ከመድረክ ሲወርዱ የመኳንንቱ ማኅበረሰብ እንደ እኩያ አያያቸውም ነበር።

ከእነዚህ ዳንሰኞች ዋነኛዋ አቭዶትያ ኢስቶሚና ናት። እንደ ፑሽኪን በ1799 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ኢስቶሚና በነሐሴ 1816 «አሲስና ጋላቴያ» በተባለው የዲደሎ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና ሚና ታየች። በእግር ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ቆመው ከደነሱ የመጀመሪያዎቹ የሩሲያ ሴቶች አንዷ እንደሆነች ይነገራል። ፑሽኪን ከአድናቂዎቿ አንዱ ነበር።

በኅዳር 1817 እ.ኤ.አ. በእርሷ ምክንያት በተነሣ ቅናት ሼሬሜቴቭ የተባለ የክብር ዘበኛ መኮንንና ዛቫዶቭስኪ የተባለ መኰንን ወገን በሽጉጥ ተፋለሙ፤ ሼሬሜቴቭም ሞተ። ደራሲው አሌክሳንድር ግሪቦዬዶቭ ከፍልሚያው ምስክሮች አንዱ ነበር። በዚሁ ጠብ ምክንያት በቀጣዩ ዓመት ራሱ በቲፍሊስ ከያኩቦቪች ጋር ተፋልሞ እጁ ላይ ቆሰለ። ይህ ታሪክ በፑሽኪን አእምሮ ለረዥም ጊዜ ቆይቷል።

ስለ ተመልካቹ የጻፈው ሂስ

ፑሽኪን በ1820 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ስለ ሩሲያ ቲያትር ያሉኝ አስተያየቶች» የተባለ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ በሕይወት እያለ አልታተመም። ሐሳቡ ተዋናዮችን የሚሠራውም የሚያበላሸውም ተመልካቹ ነው የሚል ነው። የፊት ወንበር የሚይዙ ብዙዎቹ ከጦር ሰፈርና ከመሥሪያ ቤት ደክመው የሚመጡ፣ ለመታየት እንጂ ለማየት የማይገቡ መሆናቸውን ይነቅፋል። ወጣቶቹም ቢሆኑ የሚያጨበጭቡት ለችሎታ ሳይሆን ለሚወዷት ተዋናይ ነው ይላል። ራሱም ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ነበር።

ጽሑፉ የሃያ ዓመት ወጣት ሥራ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ለፑሽኪን ተመልካችነት ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነበር። ቲያትር ቤት የሚገባ ሰው ዓይኑን ማሠልጠን፣ ያየውን ማመዛዘንና ለሚገባው ማጨብጨብ እንዳለበት ያምን ነበር።

ግዞት

በእነዚህ ዓመታት ፑሽኪን ስለ ነፃነትና ስለ ገባሮች ጭቆና የጻፋቸው ግጥሞች በእጅ እየተገለበጡ ይነበቡ ነበር። በየካቲት 1820 እ.ኤ.አ. ሉቬል የተባለ ሰው በፓሪስ የፈረንሳዩን ልዑል የቤሪውን መስፍን ገደለ። እንደሚነገረው ፑሽኪን የገዳዩን ሥዕል ለነገሥታት ማስጠንቀቂያ ነው የሚል ጽሑፍ ጨምሮበት በቲያትር ቤት ውስጥ ለጎረቤቶቹ አሳየ። ዛር አሌክሳንድር 1ኛ ወደ ሳይቤሪያ ሊልከው እንዳሰበና ወዳጆቹ አማልደው ቅጣቱ እንደተቃለለለት ይታወቃል። በግንቦት 1820 በሥራ ዝውውር ስም ወደ ደቡብ ተላከ።

ከዚያ በኋላ በካውካሰስና በክሪሚያ ተዘዋውሮ በኪሺኔቭ፣ ቀጥሎም በኦዴሳ ኖረ። በኦዴሳ የጣሊያን ኦፔራ የሚታይበት ቲያትር ነበር፤ የዲደሎ ባሌት ግን አልነበረም። በ1824 እ.ኤ.አ. ከሥራው ተሰናብቶ የእናቱ ቤተሰብ ርስት በሆነው በሚካሂሎቭስኮዬ እንዲቀመጥ ተፈረደበት። መሬቱ ቀድሞ ለአብራም ጋኒባል የተሰጠ ርስት አካል ነበር።

እርሱ ከዋና ከተማው ርቆ ሳለ ሥራዎቹ ወደ ባሌት መድረክ ወጡ። በታኅሣሥ 1821 እ.ኤ.አ. አዳም ግሉሽኮቭስኪ በሞስኮ «ሩስላንና ሉድሚላ» የተባለውን ተረት ግጥሙን ወደ ባሌት ለወጠው። በጥር 1823 ደግሞ ዲደሎ ራሱ «የካውካሰስ እስረኛ» የተባለውን ግጥም በካተሪኖ ካቮስ ሙዚቃ በሴንት ፒተርስቡርግ አቀረበ። እስረኛውን ነፃ የምታወጣውን የቼርኬስ ልጃገረድ ሆና የደነሰችው ኢስቶሚና ነበረች።

ፑሽኪን ይህን ባሌት አላየውም። በዚያው ወር ከኪሺኔቭ ለወንድሙ ለሌቭ በላከው ደብዳቤ ስለ ዲደሎና በቼርኬስ ልጃገረድ ሚና ስለታየችው ኢስቶሚና እንዲጽፍለት ጠየቀ። የራሱን ግጥም በሚወዳት ዳንሰኛ እግር ሲነገር የሰማው በወሬ ብቻ ነው።

የዬቭጌኒ ኦኔጊን የመጀመሪያ ምዕራፍ

በግንቦት 1823 እ.ኤ.አ. ፑሽኪን በኪሺኔቭ «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የተባለውን በግጥም የተጻፈ ልቦለድ ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1825 ታተመ። ምዕራፉ የአንድ የሴንት ፒተርስቡርግ ወጣት መኳንንት ውሎ ይተርካል። ኦኔጊን ረፋድ ላይ ይነሣል፣ ይሸራሸራል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይመገባል፣ ከዚያም ባሌት ሊያይ ይከንፋል።

በዚህ ቦታ ደራሲው ከገጸ ባሕርዩ ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያ ከቲያትር መራቁን እያሰበ ይተክዛል፤ የድሮዎቹን ደራሲዎች፣ ተዋናዮችና ዲደሎን በስም ያነሣል። ቀጥሎ መጋረጃው ሲከፈት ኢስቶሚና ትታያለች። በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው ቀስ ብላ ክብ ስትሠራ፣ ከዚያ በድንገት ስትዘል፣ ወገቧን ስታዞርና እግሮቿን በአየር ላይ ስታጋጭ ይገልጻል። የባሌት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል እንደ ማስረጃ ይጠቀሙበታል። በዚያ ዘመን ፊልምም ፎቶግራፍም ስላልነበረ፣ ኢስቶሚና እንዴት እንደደነሰች የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ኦኔጊን ግን አርፍዶ ይገባል። የሰው እግር እየረገጠ በወንበሮች መካከል ያልፋል፤ በመነጽር ሎጆቹን እንጂ መድረኩን አያይም። ዲደሎም ሰልችቶኛል ብሎ ያዛጋና ባሌቱ ሳያልቅ ይወጣል። ፑሽኪን በሂሱ የነቀፈው ተመልካች እዚህ በገጸ ባሕርይ መልክ ተመልሷል። ደራሲው ሊያየው የማይችለውን ነገር ገጸ ባሕርዩ በእጁ ይዞ ይጥለዋል። ፑሽኪን በግርጌ ማስታወሻም ለዲደሎ ተሟግቶ ባሌቶቹ ሕያው ምናብ እንዳላቸው ጽፏል።

በዚሁ ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ፑሽኪን ከሩሲያ ወጥቶ መሄድ እንደሚመኝ ይናገራል። በአፍሪካ ሰማይ ሥር ሆኖ ስለ ሩሲያ መናፈቅን ያስባል፤ አፍሪካንም የራሱ አድርጎ ይጠራታል። ለመጀመሪያው እትም ስለ አብራም ጋኒባል ሕይወት ረዘም ያለ ማስታወሻ ጨምሮበት ነበር። ስለዚህ የባሌት ናፍቆቱና የአፍሪካ ናፍቆቱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛሉ። አንዱ ያየውና የተከለከለው፣ ሌላው ፈጽሞ ያላየው ቦታ ነው።

ከግዞት መልስና ጋብቻ

በታኅሣሥ 1825 እ.ኤ.አ. የመኮንኖች አመፅ ከከሸፈ በኋላ አዲሱ ዛር ኒኮላስ 1ኛ በመስከረም 1826 ፑሽኪንን ወደ ሞስኮ አስጠርቶ ከግዞት ፈታው። ሆኖም ሥራዎቹን ዛሩ ራሱ እንደሚመረምራቸው ተነገረው፤ የፖሊስ ክትትሉም አልቀረም።

በ1828 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሞስኮ በዮጌል የዳንስ ድግስ ላይ ናታልያ ጎንቻሮቫን አገኘ። በየካቲት 1831 ተጋቡ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በእነዚህ ዓመታት «የነሐስ ፈረሰኛ»፣ «የእስፔድ ንግሥት» እና «የሻምበሉ ልጅ» የተባሉትን ሥራዎቹን ጻፈ።

በ1833 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዛሩ ብዙውን ጊዜ ለወጣቶች የሚሰጥ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሰጠው። ፑሽኪን በዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ስለነበር በሹመቱ ተዋረደ። እርሱ እንዳመነው ማዕረጉ የተሰጠው ሚስቱ በአኒችኮቭ ቤተ መንግሥት በሚደረገው ዳንስ እንድትገኝ ታስቦ ነው። በልጅነቱ የተማረውና በወጣትነቱ የወደደው ዳንስ አሁን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ እዳ እየተቆለለበት፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያየው ግዴታ ሆነ።

«ሁለቱ ዳንሰኞች»

ፑሽኪን በ1830ዎቹ አጋማሽ «ሁለቱ ዳንሰኞች» ለተባለ ታሪክ በፈረንሳይኛ አጭር ንድፍ ጽፎ ትቷል። ታሪኩ በ1819 እ.ኤ.አ. በዲደሎ ባሌት ይጀምራል። ዛቫዶቭስኪ፣ ኢስቶሚናና ፍልሚያው በስም ተጠቅሰዋል። በንድፉ መሠረት አንዷ ዳንሰኛ ዝና ታገኛለች፤ በባለጸጋ ትያዛለች፣ ከዚያም ታገባለች። ነገር ግን የመኳንንቱ ማኅበረሰብ በሩን ይዘጋባታል። ሌላዪቱ ተቸግራ ለተዋናዮች ቃል የሚያስታውሰውን የቲያትር ሠራተኛ ታገባለች። በመጨረሻ ባለዝናዋ ተከፍታ የድሮ የሥራ ባልደረባዋን ልትጠይቅ ትሄዳለች።

ታሪኩ አልተጻፈም። ንድፉ ግን ፑሽኪን በወጣትነቱ ከአዳራሹ ሆኖ ያጨበጨበላቸውን ሴቶች በኋላ ከመድረክ በስተጀርባ ስለነበረው ኑሯቸው እንዳሰበ ያሳያል።

አሟሟቱ

ጆርጅ ዳንቴስ የተባለ በሩሲያ ጦር የሚያገለግል ፈረንሳዊ መኮንን ናታልያን በአደባባይ ይከታተላት ጀመር። ስም የሌለው የስድብ ደብዳቤም ለፑሽኪንና ለወዳጆቹ ተላከ። ጥር 27 ቀን 1837 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ከከተማው ዳር በቾርናያ ሬችካ በሽጉጥ ተፋለሙ። ፑሽኪን ሆዱ ላይ ተመትቶ ከሁለት ቀን በኋላ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በሌሊት ወጥቶ በሚካሂሎቭስኮዬ አቅራቢያ በስቪያቶጎርስክ ገዳም ተቀበረ።

ኢስቶሚና ከአንድ ዓመት በፊት መድረክ ለቅቃ ነበር። ዲደሎም በዚያው በ1837 በኪየቭ ሞተ። በመስከረም 1837 ማሪ ታግሊዮኒ ወደ ሴንት ፒተርስቡርግ መጥታ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትደንስ አዲስ የባሌት ዘመን ተከፈተ። ፑሽኪን በስምንት ወር ገደማ ቀድሞ ስለሞተ ይህን አላየም። ኢስቶሚና በ1848 በኮሌራ አረፈች።

ሥራዎቹ በባሌት መድረክ

ከሞቱ በኋላ ብዙ ሥራዎቹ ባሌት ሆነዋል። ከእነዚህ ውስጥ የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

– «ወርቃማው ዓሣ» (1867 እ.ኤ.አ.)፣ በአርተር ሴን ሌዎን የተቀናበረ፣ ሙዚቃው የሉድቪግ ሚንኩስ፤
– «የባክቺሳራይ ፏፏቴ» (1934)፣ በሮስቲስላቭ ዛካሮቭ የተቀናበረ፣ ሙዚቃው የቦሪስ አሳፊዬቭ፤ በሌኒንግራድ የመጀመሪያ ዝግጅት ጋሊና ኡላኖቫ ደንሳለች፤
– «የነሐስ ፈረሰኛ» (1949)፣ ሙዚቃው የሬይንሆልድ ግሊዬር፤
– «ኦኔጊን» (1965)፣ በጆን ክራንኮ ለሽቱትጋርት ባሌት የተቀናበረ፣ ሙዚቃው ከቻይኮቭስኪ ልዩ ልዩ ሥራዎች የተውጣጣ።

በኢትዮጵያ

የአብራም ጋኒባል የትውልድ ቦታ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጋኒባል ራሱ በ1742 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ማመልከቻ ላጎን በምትባል ከተማ እንደተወለደ ጽፏል። የሩሲያው ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ቦታው በመረብ ወንዝ አካባቢ፣ በዛሬዋ ኤርትራ እንደሆነ ጽፎ ሐሳቡ ለረዥም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቷል። ቤኒናዊው ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ግን ቦታውን በቻድ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ከሚገኘው ከሎጎን ጋር ያያይዘዋል።

በኢትዮጵያ ፑሽኪን እንደ ዘመድ ይታያል። በአዲስ አበባ በሳር ቤት አካባቢ የሚገኘው ፑሽኪን አደባባይ በስሙ ይጠራል፤ በከተማዋ ያለው የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከልም ስሙን ይዟል።